በምዕራፍ ሰባት የሞቱት ጋሽ ቢያድግልኝ

«ዶሮዋስ?» አለች እትዬ መዝገብ።

ይታይሽ ስለ ምሳዋ የተጠየቀች መስሏት የዘንቢሏን አፍ ገለጥ አድርጋ አየች። በሩ ላይ ያለው ፈታሽ የያዘችውን አንድ በአንድ እያወጣ ስሙን ጮክ ብሎ ሲያስመዘግብ ስለቆየ፣ ውስጥ ደግሞ ምን ልትበላ እንዳሰበች መጠየቋ ብዙም አልገረማትም። የመንግሥት ቤት ነው፤ ይጠይቃል።

«ዶሮ አይደለም፤ ሽሮ ነው» አለች።

እትዬ መዝገብ ዝም አለች። እሷ ዝም ስትል መስኮት ስድስት ላይ አንዲት አረንጓዴ መብራት ክብ እየሠራች ትዞራለች። ሰው አይደለችም፤ የመመለሻ ጽሕፈት ቤቱ መዝገብ ያዥ ማሽን ናት፤ ቢሆንም ድምፅዋ የታላቅ እህት ድምፅ ስለሆነ፣ ስሟን ያለ «እትዬ» የጠራ እስካሁን አልተገኘም።

«ሽሮ የሚባል እንስሳ በቃልሽ ውስጥ አላገኘሁም፣ የኔ ልጅ» አለች በመጨረሻ። «ከሸንበቆ ሜዳ ስትወጪ በጉያሽ የነበረችው ዶሮ ናት። እሷ እንድትመለስ ተፈቅዶላታል። አውቶቡሱ ጣሪያ ላይ ቅርጫት ተይዞላታል። የክትባት ወረቀቷን ብቻ ይዘሽ ነይ።»

«አጎቴስ? እኔ የመጣሁት አጎቴን ከተመላሾች ዝርዝር ላስጨምር ነው።»

«ነፍሳቸውን ይማር» አለች እትዬ መዝገብ።

«ያኑርሽ» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። ከይታይሽ ጎን ከዘራቸውን ተደግፈው ቆመዋል። ሰማንያ ሦስት ዓመታቸው ነው፤ ለደግ ቃል መልስ ሳይሰጡ ማለፍ አያውቁበትም።

አጎትና የእህት ልጅ የሚኖሩት ጊዜያዊ መጠለያ ቁጥር አራት ውስጥ ነው። ጊዜያዊነቱ አርባ ሁለት ዓመት ሞልቶታል። ድንኳኖቹ ከተነሱ ቆይተው በቦታቸው አሥራ አራት አሥራ አራት ፎቅ ያላቸው ሃያ ሕንፃዎች ቆመዋል፤ በየሕንፃው በር ላይ ግን ዛሬም «ድንኳን 1»፣ «ድንኳን 2» ተብሎ ነው የተጻፈው። መጠለያው የእግር ኳስ ቡድን አለው፤ «ጊዜያዊ ከነማ» ይባላል፤ ከተቋቋመ ሃያ ስድስት ዓመቱ ነው። ጠዋት ጠዋት በየኮሪደሩ ድምፅ ማጉያ «እንደምን አደራችሁ፤ መጠለያው ዛሬም ጊዜያዊ ነው» ይባላል። ሰውም ጥርሱን እየፋቀ ይሰማል፤ ሰምቶም ወደ ሥራው ይሄዳል። ይታይሽ ራሷ በድንኳን ሰባት ምድር ቤት የልብስ ስፌት መኪና ትጠግናለች። ሃምሳ አንድ ዓመቷ ነው።

የመመለሻ አውቶቡስ በየአሥራ አንድ ዓመቱ አንድ ጊዜ ይመጣል። የዘንድሮው ስም ዝርዝር አርብ ስድስት ሰዓት ይዘጋል፤ አውቶቡሱ ቅዳሜ ጠዋት ይነሳል። ይህ ሁሉ ሲሆን ቀኑ ማክሰኞ ነው። ይታይሽ ካመለጣት ለሚቀጥለው ትደርሳለች። ጋሽ ቢያድግልኝ ግን በሚቀጥለው ዘጠና አራት ዓመታቸው ነው፤ ይህን ስሌት ሁለቱም በልባቸው ሠርተውታል፣ ጮክ ብሎ የሠራው የለም።

ሽማግሌው ወደ ሸንበቆ ሜዳ ለመመለስ የሚያቀርቡት ምክንያት አንድ ነው፦ አቶ ሽባባው የሚባል ጎረቤት። የአቶ ሽባባው አጥር ጥግ የኮክ ዛፍ ነበረች፤ አንዱ ቅርንጫፏ ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ግቢ አጋደለ፤ ፍሬው የማን ነው በሚል ተካሰሱ፤ ሸንጎው ለቅዳሜ ቀጠራቸው፤ ከቅዳሜ በፊት ጦርነቱ ደረሰ። ጋሽ ቢያድግልኝ ይህን ጉዳይ አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ለሰማቸው ሁሉ ሲያስረዱ ስለኖሩ፣ መጠለያው በሞላ አቶ ሽባባውን አይቶት ሳያውቅ ይጠላዋል። ሰልፍ ያቋረጠ ሰው «አንተ ሽባባው» ይባላል። ባለፈው ዓመት በጊዜያዊ ከነማ ላይ ያለአግባብ ፍጹም ቅጣት ምት የሰጠው ዳኛም ሙሉ ስታዲየሙ በአንድ ድምፅ በዚሁ ስም ጠርቶታል።

እንግዲህ ጋሽ ቢያድግልኝ በመዝገብ የሞቱበትን ነገር እንናገር።

መምህር ልሳነወርቅ የሚባሉ ሰው፣ ያኔ መጠለያው ገና ድንኳን ሳለ፣ «ይታይሽና ዶሮዋ» የሚል የልጆች መጽሐፍ ጻፉ። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በግጥም ነው። ጦርነት ያፈናቀላት የዘጠኝ ዓመት ልጅ ዶሮዋን አቅፋ ስምንት ቀን ስትጓዝ ይተርካል። አራተኛ ክፍል የደረሰ ሁሉ አንብቦታል፤ ያላለቀሰም የለም። ልጅቷ ይቺው የኛዋ ይታይሽ ናት።

ጦርነቱ ሲያበቃ የመመለሻ ጽሕፈት ቤቱ እጅ ላይ የተከመረው የተፈናቃይ ቃል እርስ በርሱ የሚጣላ ሆነ። አንዱ ሰውዬ በገጽ አንድ ሰኞ ወጣሁ ይላል፣ በገጽ ሦስት ረቡዕ ይላል፤ ሌላዋ አምስት ልጆች ይዛ ተነስታ ስድስት ይዛ ትደርሳለች። ሰው በድንጋጤ ሲሮጥ ቀን አይቆጥርም፤ ይህ ግን ለመዝገብ አይመችም። ከተሰበሰበው ወረቀት ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ያልተምታታው የመምህር ልሳነወርቅ መጽሐፍ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ መለኪያ ሆነ። ከዚያ ወዲህ የተፈናቃይ ቃል እውነትነት የሚታወቀው መጽሐፉን በመምሰሉ ነው።

ከጽሕፈት ቤቱ አጥር ውጪ ቃል አስጠኚዎች ዳስ ጥለው የሚቀመጡት ለዚህ ነው። አመልካቹ በርጩማ ላይ ተደርድሮ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ ያነበንባል፦

ዶሮዬን በጉያ፣ እንባዬን በጉንጬ፣
ስምንት ቀን ተጓዝኩ፣ ተስፋዬን ጨባብጬ።

ሁሉም ዶሮ ይዞ ነው የወጣው። በመዝገቡ መሠረት ከዚያ አገር ሰው ሲፈናቀል አንድም በግ፣ አንድም ፍየል ከቤት አልወጣም። ድንኳን ሦስት ውስጥ የተወለደ የሃያ ስድስት ዓመት የከባድ መኪና ሾፌር ባለፈው ወር ቀርቦ ዘጠና አራት ከመቶ አግኝቷል። ይታይሽ የራሷን ቃል በራሷ አፍ፣ ያለ ግጥም ስትናገር ያገኘችው ሠላሳ አንድ ነው። «ይታይሽን እምብዛም አትመስዪም» ተባለች፤ ስሟና የትውልድ ቦታዋ ስለገጠመ ብቻ በርኅራኄ አለፈች።

አጎቷን ግን ርኅራኄም አላሳለፋቸው። ምዕራፍ ሰባት እንዲህ ይላል፦

ወንዙ ሞልቶ ነበር፣ አጎቴ ገባበት፣
እኔ ከዳር ሆኜ፣ ዶሮዬ ጮኸችለት።
ወንዙ ወስዶ ወስዶ፣ ባርኔጣውን መልሶ፣
አጎቴን አስቀረ፣ ለኛ ተወ ለቅሶ።

ጋሽ ቢያድግልኝ ይህን ግጥም ሲሰሙ የሚያናድዳቸው መሞታቸው አይደለም። ባርኔጣ ኖሯቸው አያውቅም። በዋናም የታወቁ ናቸው።

በመዝገብ የሞተ ሰው ኑሮ ከሌላው ብዙም አይለይም፤ ጥቂት ነገሮች ብቻ ናቸው። ሐኪም ቤት ሲሄዱ የሚጠሩት በመጨረሻ ነው፤ አያስቸኩልም ተብሎ። በየዓመቱ ነሐሴ አሥራ አንድ ቀን፣ በሙት ዓመታቸው፣ ደግሞ የእድሩ ድንኳን ማንም ሳያዘው በራሱ መጥቶ በራቸው ላይ ይተከላል። መጀመሪያ ሰሞን ያባርሩት ነበር። ኋላ ጥላው ተስማማቸውና ከውስጥ ተቀምጠው ዳማ ይጫወቱ ጀመር። መንገደኛ ገባ ብሎ «ያጽናዎት» ይላቸዋል፤ «አሜን» ብለው ጠጠራቸውን ያነሳሉ።

ረቡዕ ዕለት ይታይሽ ያመጣችው ማስረጃ ከዚሁ ከእድር የተገኘ ነው፤ በጣምም ተማምናበት ነበር። በመጠለያው እድር ቀብር በተወጣ ቁጥር ስም ይጠራል፤ የቀረ አባል በሚቀጥለው ቀብር ወንበር ተሸካሚ ይሆናል። ጋሽ ቢያድግልኝ በአርባ ሁለት ዓመት ውስጥ አንድ ቀን ወንበር ተሸክመው አያውቁም። የስም መጥሪያው መዝገብ በሙሉ ወጥቶ መስኮት ስድስት ፊት ቀረበ፦ በአንድ ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሁለት ቀብር ላይ «አቤት» ብለዋል።

መብራቷ ዞረች፣ ዞረች።

«አይቼዋለሁ» አለች እትዬ መዝገብ። «ሟች በቀብር ላይ መገኘቱ የተለመደ ነው።»

ሲወጡ አንድ ቃል አስጠኚ አዘነላቸውና ወደ ዳሱ ጠርቶ መላ አቀረበ። የዶሮዋ ፈቃድ ጸድቋል፤ ዶሮዋ የለችም፤ ታዲያ ሽማግሌው በዶሮዋ ፈቃድ ቢሄዱስ? በጣሪያው ላይ እስከ ከተማ መውጫ ድረስ ብቻ ነው፣ ከዚያ የሚቆጣጠር የለም። ይታይሽ ተቆጥታ ልትነሳ ስትል ጋሽ ቢያድግልኝ ክንዷን ያዝ አደረጓትና ቅርጫቱ ስንት በስንት እንደሆነ ጠየቁ።

ያን ጊዜ ነው ጉዳዩ የምር እንደሆነ የገባት። አጎቷ እየቀለዱ አልነበረም። ጉልበታቸውን በእጃቸው ለክተው፣ ታጥፈው ይበቃቸው እንደሆነ እያሰቡ ነበር።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ገደላቸው ሰው ቤት ሄዱ።

መምህር ልሳነወርቅ ድንኳን ዘጠኝ፣ አሥራ አንደኛ ፎቅ ላይ ይኖራሉ። ወደዚያ መውጣት ጊዜ ይጠይቃል፤ የዚያ ሕንፃ አሳንሰር ሰላምታ ሳይጨርስ አይንቀሳቀስም። እንደምን አደራችሁ ይላል፣ ቤተሰቡስ ይላል፣ ጎረቤትስ ይላል፣ ክረምቱስ እንዴት ያዛችሁ ይላል። አንዱ ጥያቄ ሳይመለስለት ከቀረ ከእንደምን አደራችሁ ይጀምራል። ጋሽ ቢያድግልኝ ደግሞ የሱንም ደኅንነት ስለጠየቁት ገመዱን ትንሽ እንዳመመው ሊነግራቸው ጀመረ፤ አሥራ አንደኛ ፎቅ የደረሱት ከሩብ ሰዓት በኋላ ነው።

ደራሲው በፒጃማ ላይ ክራባት አስረው ተቀበሏቸው። ሰባ ዘጠኝ ዓመታቸው ነው። ቤታቸው ከወለል እስከ ጣሪያ ከልጆች በመጡ ደብዳቤዎች የተሞላ ነው፤ አብዛኛው ስለ ዶሮዋ ጤንነት ይጠይቃል። ይታይሽ የመጡበትን አስረዳች፦ እስከ ነገ ስድስት ሰዓት አጎቷ በመጽሐፉ ውስጥ በሕይወት ካልተገኙ አውቶቡሱ ጥሏቸው ይሄዳል፤ አዲስ እትም ከደራሲው አሻራ ጋር ከቀረበ ደግሞ እትዬ መዝገብ በዚያው ሰዓት ታነበዋለች።

መምህር ልሳነወርቅ መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጉ። ምዕራፍ ሰባትን መንካት እንደማይቻል በትሕትና ገለጹ። ሦስት ትውልድ አልቅሶበታል። በየዓመቱ በፈተና ላይ «የይታይሽ አጎት ምን ሆኑ?» የሚል ጥያቄ ይወጣል፤ አሁን መልሱ ቢቀየር እስከ ዛሬ ያለፈው ሁሉ ወደቀ ማለት ነው።

«እኔስ?» አሉ ጋሽ ቢያድግልኝ። «እኔ በሕይወት መኖሬ ለፈተናው አይጠቅምም?»

«ጋሽ ቢያድግልኝ፣ እኔ እርስዎን ከክፋት አልገደልኩዎትም። እንደተነገረኝ ነው የጻፍኩት።»

«ማን ነገረዎት?»

ደራሲው ወደ ይታይሽ ዞሩ። «ይቺው ልጅ ናት።»

ይታይሽ ሳቅ ብላ ልትክድ አፏን ከፈተች፤ ከዚያ ግን ትዝ አላት። ማታ ማታ መምህሩ ደብተራቸውን ይዘው ድንኳኗ በር ላይ ይቀመጡ ነበር፤ እሷ ትናገራለች፣ እሳቸው ይጽፋሉ። አንድ ቀን በትረካዋ ወንዙ ጋ ደርሳ ነበር። አጎቷ ከወንዙ ገብተው ጠፉ አለች። ውሃው ዝም አለ አለች። ልክ በዚያ ጊዜ ከሰልፉ በኩል የዱቄት እደላ ተጠራ።

«ተነስተሽ ሮጥሽ» አሉ መምህር ልሳነወርቅ። «ጣሳሽንም ረስተሽ በእኔ ባርኔጣ ነው ዱቄት የተቀበልሽው። በማግስቱ ስትመጪ ስለ ሌላ ነገር ጀመርሽ። እኔም፣ ልጅ ናት፣ መናገሩ ከብዷት ነው ብዬ አልጠየቅኩም።»

«አጎቴን ግን በየቀኑ ያዩዋቸው ነበር እኮ። አጠገባችን ነበር ድንኳንዎ።»

«አይቻቸዋለሁ። ሌላ አጎት መስለውኝ ነው። ያኔ በዚያ ሰፈር አጎት ያልተባለ ወንድ ነበር?»

ይታይሽ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ መጽሐፉን ስትወቅስ ኖራለች። አጎቷን ለዱቄት ብላ መንገድ ላይ የተወቻቸው ራሷ መሆኗን አሁን ነው የሰማችው። ወደ ጋሽ ቢያድግልኝ ለማየት ፈራች። እሳቸው ግን ዱቄቱ ያኔ ስንት ጣሳ እንደነበረ ከደራሲው ጋር ክርክር ይዘዋል።

«እሺ» አሉ በመጨረሻ መምህር ልሳነወርቅ፣ እርሳስ እየፈለጉ። «ከውሃው እንዲወጡ ላደርግ እችላለሁ። ግን እንዲሁ አይወጡም። የወጣ ሰው አንድ ነገር ማለት አለበት። ከውሃው ሲወጡ ምን አሉሽ?»

እሱን አልረሳችውም። በሕይወቷ አንድም ቀን አልረሳችውም። እንዲያውም ዶሮ የሚባል ነገር አልነበረም፤ በጉያዋ የነበረው የአጎቷ የግራ እግር ጫማ ነው፤ ወንዙ ዳር አመለጣትና ውሃው ወሰደው። እሳቸው ጫማውን ተከትለው ገቡ፤ ጠፉ። ሳታለቅስ፣ ሳትጣራ፣ ለብዙ ጊዜ ቆመች። ከዚያ ከታች በኩል፣ ከቁጥቋጦው መሃል፣ ጫማውን በጥርሳቸው ነክሰው ወጡ። ሲወጡም ተቆጥተው ነበር። ቶሎ በይ፣ አሏት፤ የቆምሽበት ጊዜ የማን መሰለሽ፣ ቅዳሜ ከሽባባው ጋር በኮኩ ቀጠሮ አለብኝ፣ ተመልሼ ካልደረስኩ ይፈረድብኛል።

«ስምንቱንም ቀን ስለ ሽባባው ነበር የሚያወሩት» አለች ይታይሽ። «ደክሞኝ ቁጭ ስል፣ ይሄኔ ሽባባው ኮካችንን እየበላ ነው ይሉኛል። እነሳለሁ።»

መምህር ልሳነወርቅ ይጽፋሉ። ጋሽ ቢያድግልኝ ከዘራቸውን ከአንዱ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ።

«ኮክ አልነበረም» አሉ።

«ምን?»

«ሸንበቆ ሜዳ ቆላ ነው። ኮክ ደጋ ነው የሚወደው። እንኳን ዛፉ፣ ወሬውም እዚያ አይበቅልም።»

ይታይሽ አየቻቸው። «ሽባባውስ?»

«ሽባባውማ ነበር። ደግ ሰው ነው። የሸሸን ዕለት በሬን የዘጋልኝ እሱ ነው።» ወደ ይታይሽ ዞሩ። «በመጀመሪያው ቀን እናቴስ፣ አባቴስ እያልሽ መራመድ አቃተሽ። እኔ ደግሞ የምመልሰው አልነበረኝም። የምታዝን ልጅ አትራመድም። የተናደደች ልጅ ግን ትራመዳለች። ስለዚህ የሚናደዱበት ሰው አስፈለገኝ፤ መጀመሪያ አፌ ላይ የመጣው እሱ ሆነ።»

«አርባ ሁለት ዓመት ሙሉ ጠልቼዋለሁ እኮ፣ ጋሼ።»

«አንቺ ብቻ ብትሆኚ መልካም ነበር። ስታዲየሙን አልሰማሽም?» አሉ። «እዚያ ደርሼ ይቅርታ ማለት አለብኝ። እሱ ከሌለ ለልጆቹ፣ ልጆቹ ከሌሉ ለአጥሩ። የሰው ስም አበላሽቼ መሞት አልፈልግም። አንድ ጊዜ ሞቼ አይቼዋለሁ፣ የሚመጣው ለቀስተኛ ሁሉ ደግ ነበሩ እያለ ነው የሚዋሸው።»

መምህር ልሳነወርቅ የጻፉትን መልሰው አነበቡ። ቀጥለው የሰጡት አስተያየት ሙያዊ ነው፦ የኮኩ ነገር በዚህ መልኩ ከገባ፣ ምዕራፍ ሰባት ማስለቀሱን አይተውም። ያን ዕለት ከሰዓትና በሚቀጥለው ጠዋት ቁጭ ብለው አሥራ ስድስት ስንኝ ጻፉ። ዶሮዋን አልነኳትም፤ ደብዳቤ የሚጽፉት ልጆች አሳዘኗቸው። ሰውየውን ግን አወጧቸው፦

ሰምጧል ያላችሁት ሰው፣ ወዲያ ማዶ ወጣ፣
እርጥብ ልብሱን ጨምቆ፣ ነገር ይዞ መጣ።

ጋሽ ቢያድግልኝ ሰምተው ደስ አላቸው። ባርኔጣው ይውጣልኝ ብለው ነበር፤ ደራሲው ባርኔጣው የራሳቸው ትዝታ እንደሆነ ገልጸው አልተስማሙም።

አርብ አምስት ሰዓት ከሃምሳ ላይ መስኮት ስድስት ፊት ቆሙ። አሳንሰሩ ስለ ገመዱ የጀመረውን ወሬ ካልጨረስኩ ብሎ ነው ያዘገያቸው። ይታይሽ አዲሱን እትም አቀረበች፤ የደራሲው አሻራ አለበት። መብራቷ እስከ ዛሬ ባልታየ ሁኔታ ቢጫ ሆነች፤ ዞረች፤ ቆመች፤ እንደገና ዞረች። ከኋላቸው የተሰለፈው ሰው ሁሉ ዶሮውን ማነብነቡን ትቶ መብራቷን ይመለከት ጀመር። የግድግዳው ሰዓት ስድስት ሊሆን ሁለት ደቂቃ ቀርቶታል።

«አቶ ቢያድግልኝ» አለች እትዬ መዝገብ።

«አቤት» አሉ፤ ልክ በቀብር ላይ እንደሚሉት።

«እንኳን ከውሃው በደኅና ወጡ። ልብስዎ ደረቀ?»

ጋሽ ቢያድግልኝ የኮታቸውን እጅጌ ዳሰስ አደረጉ። «ደርቋል፤ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።»

«እንዲመለሱ ተፈቅዶልዎታል። ዕድሜ አርባ አንድ፣ በምዕራፍ ሰባት ላይ እንደተጻፈው። የነሐሴው ድንኳን ተሰርዟል።» ድምፅዋ ወደ ይታይሽ ዞረ፤ ለሰለስ አለ። «የአንቺንም ስህተት አርሜያለሁ፣ የኔ ልጅ። ዘጠኝ ዓመትሽ ሆኖ ሳለ ብቻሽን እንድትጓዢ ፈቅጄ ነበር፤ ያ ትክክል አልነበረም። አሁን አሳዳጊሽ ስለተገኙ ፈቃድሽ ከሳቸው ጋር ተያይዟል። መንገድ ስትሻገሪ እጃቸውን ያዢ።»

ይታይሽ ሃምሳ አንድ ዓመቷ እንደሆነ፣ ሁለት መንጋጋዋ እንደወለቀ፣ የማንበቢያ መነጽርም እንዳላት ልታስረዳ ጀመረች። ሰዓቱ ስድስት ሆነ። መስኮቱ ተዘጋ።

ቅዳሜ ጠዋት አውቶቡሱ ከድንኳን አንድ ፊት ለፊት ቆሞ ነበር። ድምፅ ማጉያው እንደ ልማዱ መጠለያው ጊዜያዊ መሆኑን ካሳወቀ በኋላ ለተመላሾች መልካም መንገድ ተመኘ፤ ምን እንደሚባል ያላወቁ ሸኚዎች አጨበጨቡ። ተቆጣጣሪዋ ደልደል ያለች ሴት ናት፤ ዝርዝሯን ይዛ «ሕፃን ይታይሽ፣ ሕፃን ይታይሽ» እያለች ሦስት ጊዜ ተጣራች። የስፌት መኪና ክፍል ባልደረቦቿ በሙሉ ሊሸኟት መጥተው ስለነበር፣ ይታይሽ ሦስቱንም ጊዜ እንዳልሰማች ሆነች። በአራተኛው ጋሽ ቢያድግልኝ እጇን ይዘው አመጧት።

ተቆጣጣሪዋ ወረቀቱን አየች። ይታይሽን አየች። ብዙ ዓመት የመንግሥት ሥራ የሠራች ሴት ስለሆነች የምታምነው ወረቀቱን ነው። ለሕፃን የሚታደለውን አንድ እሽግ ብስኩት ሰጠቻት፤ ከመነሳታቸው በፊት ሽንት ቤት መሄድ ትፈልግ እንደሆነ አጎትየውን ጠየቀች። ከዚያ ወደ ውስጥ አስገብታ አሥራ ሁለት ቁጥር ወንበር ላይ ጋሽ ቢያድግልኝን አስቀመጠች።

የይታይሽ ወንበር የቱ እንደሆነ ጋሽ ቢያድግልኝ ጠየቁ። ተቆጣጣሪዋ ዝርዝሩን ከላይ እስከ ታች በጣቷ ወረደችበት። ከአሥር ዓመት በታች ያለ ልጅ ወንበር አይያዝለትም፤ በአሳዳጊው ጭን ላይ ነው የሚሄደው። አውቶቡሱ ሙሉ ነው። መቆም ደግሞ ክልክል ነው። ያልተቀመጠ መንገደኛ ካለ መኪናው አይነሳም፤ ሞተሩ ራሱ እምቢ ይላል።

ከኋላ ያሉት ማጉረምረም ጀመሩ። ሾፌሩ ዞሮ አየ። ይታይሽ በአንድ እጇ ብስኩቱን፣ በሌላው ዘንቢሏን ይዛ በመተላለፊያው መሃል ቆመች። ሰባ ስምንት ኪሎ ናት። ወደ አጎቷ ጉልበት አየች፤ ከዚያ ወደ አጎቷ ዓይን። ልውረድ፣ እርስዎ ይሂዱ፣ እኔ በሚቀጥለው እመጣለሁ አለቻቸው።

ጋሽ ቢያድግልኝ ከዘራቸውን ወንበሩ ሥር ከተቱት። ኮታቸውን ወደ ጎን ሰብሰብ አድርገው ጉልበታቸውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረጉ።

«በወረቀቱ አርባ አንድ ዓመቴ ነው» አሉ። «ነይ ቁጭ በይ።»